የጎረቤታችን አውራ ጣት

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሲያጭበረብር ተያዘ። ያስያዝኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ያውም እየፈነደቅኩ።

ጋምቤላ ገና ክልል መባሏ ነበር። የየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ እየተፋቀ እንደገና ስለሚጻፍ በከተማው ከሹም ይልቅ ቀለም ቀቢ የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። እኛ ትምህርት ቤት ግን አዲስ ነገር አልደረሰም፤ የንባብ መጽሐፉ ለአራት ልጅ አንድ ነው። ስለዚህ ቲቸር ምንባቡን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል፣ እኛ ደብተራችን ላይ እንገለብጠዋለን፣ ቤት ሄደን ደግሞ ለአንድ ትልቅ ሰው ጮክ ብለን እናነበዋለን። የሰማን ሰው ከሥሩ ይፈርማል። መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያሳርፋል። አሥር ምንባብ፣ አሥር ፊርማ። አሥሩን የሞላ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር፣ በወላጆች ፊት ቆሞ ያነባል።

ያን ማንጎ ሥር መቆም እንዴት እንደፈለግኩት! የምቆምበትን ሥር ሁሉ መርጬ ጨርሻለሁ። ቀሚሴን ማን እንደሚያጥብልኝ አስቤያለሁ። ለሰፈሩ ልጅ በሙሉ «እኔ አነባለሁ፣ እናንተ ታጨበጭባላችሁ» ብዬ አውጃለሁ።

እናቴ ያን ዓመት አያቴን ልታስታምም ደጋ ሄዳ ነበርና ፈራሚዬ አባቴ ብቻ ነበር። ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ወባ የበረታ ጊዜ ሲያክምና ካርድ ላይ ሲፈርም ይውላል። አንድ ቀን ምሳ ሊበላ ሲመጣ ደብተሬን ሰጠሁት። በአንድ እጁ እየበላ፣ በሌላው፣ ቀና ሳይል፣ አምስት ባዶ ገጽ በተርታ ፈረመና «በቃ፣ የሳምንቱን ጨረስኩልሽ» አለኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በማግስቱ ከደወል በፊት ሮጬ ለቲቸር አሳየኋቸው።

ቲቸር የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለሆነ እያንዳንዷን ቃል መዝነው ነው የሚናገሯት። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ።

«አባትሽ ነቢይ ናቸው?»

«አይደሉም፣ ድሬሰር ናቸው።»

«ገና ያልጻፍኩትን ምንባብ ሰምተዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር አምስቱንም ፊርማ በቀይ ሰረዙና «ከዛሬ ጀምሮ አባት አይፈርምም። ሳይሰማ የማይፈርም ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ወደ ዜሮ ተመለስኩ።

ሳይሰማ የማይፈርም ሰው ከአጥራችን ማዶ ነበር። ሁላችንም እማማ የምንላቸው አኝዋክ ጎረቤታችን ናቸው። ባሮ ሲጎድል፣ ውሃው የለቀቀው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎ ይዘራሉ። ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ባለው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የትምባሆ ጋያቸውን ያንቦቀቡቃሉ። ለገበያ የሚበቃ አማርኛ ነበራቸው፤ ወንድና ሴት ስለማይለዩበት እኔም ለእሳቸው «አንተ» ነበርኩ።

የመጀመሪያውን ምንባብ በአንድ ትንፋሽ አነበነብኩላቸውና የቢክ ቀለም ልቀባቸው ጣታቸውን ያዝኩ። እማማ አውራ ጣታቸውን ጨበጡት።

«ምን አለ?»

«አነበብኩ እኮ።»

«አነበብክ፣ ሰማሁ። ምን አለ?»

የእኔ አኝዋክኛ ለጨዋታና ለጠብ የሚበቃ እንጂ ለምንባብ የሚሆን አልነበረም። ግማሹን በእጄ፣ ግማሹን በዓይኔ አስረዳሁ። እማማ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። አልገባቸውም። «ሂድ፣ ነገ ና» አሉኝ።

በንዴት ጨስኩ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው እኔን ሊፈትኑኝ! አጥሩን ዘልዬ ስገባ እግሬን እሾህ ወጋኝ፤ እሱንም በእሳቸው ላይ ደመርኩት። ግን ሌላ ማን ነበረኝ? በማግስቱ ሄድኩ። ከአንዷ የክፍሌ ልጅ የማላውቃቸውን ቃላት በአኝዋክኛ ለምኜ ስለሄድኩ ነገርኳቸው፤ ገባቸው። ጣታቸውን ቀለም ብቀባም ገጹን አገላብጠው ካዩ በኋላ ነው ያሳረፉት። ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግሩኝ የጠየቅኳቸው ያኔ ነው።

«ድሮ የመንግሥት ሰው ወረቀት አመጡ» አሉኝ። «የስኳር ነው፣ ጣት ስጥ አሉ። ጣት ሰጠሁ። ስኳር አልመጣም። ማሳዬ ሄደ።»

ማሳው የተመለሰላቸው ስንት ዓመት ቆይቶ፣ መንግሥት ሲለወጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልገባቸው ወረቀት ላይ ጣታቸው አርፎ አያውቅም፤ የልጅ ደብተር ቢሆንም። አዘንኩላቸው። ግን እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ዕድሜዬ ከሳቸው ማሳ ይልቅ የኔ ማንጎ ነበር እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ሄደልኝ። አምስተኛውም ሄደልኝ። ስድስተኛው ላይ ጉድ ፈላ። ምንባቡ ከመጽሐፉ የተወሰደ ስለ ደጋ ገበሬ የሚያወራ ነበርና «ውርጭ» የሚል ቃል አለበት። እኔ ጋምቤላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ውርጭ የት አይቼ አውቃለሁ? የክፍሌም ልጅ በአኝዋክኛ የምትሰጠኝ ቃል አልነበራትም። አባቴን ጠየቅኩት።

«ማታ ማታ ከብርዱ የተነሣ ሣሩ ላይ የሚያድር ነጭ በረዶ ነው። የክትባቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግድግዳው ላይ የሚጋገረውን አላየሽም?»

ተስፈንጥሬ ተነሣሁ! ጤና ጣቢያው በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበረው። አባቴ ከግድግዳው ላይ በማንኪያ ፍቆ በብርጭቆ ሰጠኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በሙሉ ኃይሌ ሮጬ እማማ ዘንድ ስደርስ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ያውም ለብ ያለ።

«ውርጭ ውሃ ነው?» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። አባቴ በፊርማው ስለበደለኝ ይሁን ስላሳዘንኩት፣ በማግስቱ አሮጌውን የክትባት መያዣ ሳጥን አውጥቶ ነጩን ሞላበትና ክዳኑን ገጥሞ አሸከመኝ። በዚህኛው ጊዜ አልሮጥኩም፤ እንደ ታቦት ተሸካሚ ነበር የሄድኩት። እማማ ፊት ክዳኑን ስከፍት ነጭ ጭስ ወጣ። አውራ ጣታቸውን ሰደዱና ጮኸው መለሱት።

«እሳት!»

ከዚያ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ጣቱን ሊነክር ተሰበሰበ። እማማ ግን ጥያቄያቸው አላለቀም። ይሄ ነገር በቆሎ ላይ ሲያድር በቆሎው ምን ይሆናል? ይሞታል አልኳቸው። «ደገኛ፣ ምስኪን» አሉና በረጠበው ጣታቸው አተሙልኝ። ቀለሙ ስለፈሰሰ ስድስተኛው አሻራ ሰማያዊ ጭቃ ይመስላል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ደረስኩ። አኝዋክኛዬም ሳላስበው ጨዋታና ጠብን አልፎ ሄደ። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አሥረኛውን ምንባብ ገልብጬ፣ ቢኬን ይዤ እየዘለልኩ ስደርስ ኒሙ ሥር እንግዳ አገኘሁ። ከአዲሱ የክልል መሥሪያ ቤት የመጣ፣ ሸሚዙ በላብ የተጣበቀበት ወጣት ነው። እማማ ፊት ወረቀት ዘርግቷል፤ አጠገቡ የማኅተም ቀለም አለ። የእማማም አውራ ጣት ቀለም ነክቷል። ግን አየር ላይ ነው።

«እኔ አንብቤላቸዋለሁ» አለኝ ወጣቱ፤ ሌላ ሃያ ቤት እንደሚቀረው ፊቱ ይናገራል። «እምቢ አሉ።»

«ወረቀት ያመጣ ሰው አያነብም» አሉ እማማ። «አንተ አንብብ።»

ልቤ ደረቴን ሊሰብረው! እኔ፣ የመንግሥት ወረቀት! ድምፄን አጥርቼ፣ ማንጎው ሥር የቆምኩ ያህል ጀመርኩ። ስማቸውን አነበብኩ። ወንዝ ዳር የሚለውን፣ ማሳ የሚለውን አነበብኩ፤ እያንዳንዱን በአኝዋክኛ ነገርኳቸው፤ በየቃሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ማሳቸውን በጊዜያዊነት እንዲጠቀሙበት ተፈቅዷል» የሚል መጣ።

በጊዜያዊነት። አንብቤዋለሁ፤ አንዲት ፊደል አልሳትኩም። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ውስጡ «ጊዜ» አለ። ሁልጊዜ ማለት ይሆን? ሁልጊዜ ቢሆን ያምር ነበር። ወጣቱ «ቀጥይ እንጂ» አለኝ። የእማማ ጣት ከወረቀቱ በላይ ይጠብቃል። አላውቅም ካልኩ እንደ ልማዳቸው «ሂድ፣ ነገ ና» ይሉኛል፤ አሥረኛው ምንባብ ደግሞ ገና ነው፤ የቀረኝ ሁለት ቀን ነው። «ሁልጊዜ» የሚለው በአኝዋክኛ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስኳሩ ትዝ አለኝ።

«ይቺን አላውቃትም» አልኩ። ፊቴ ጋለ።

እማማ ጣታቸውን ሰበሰቡ።

ወጣቱ ተነፈሰ። «ለጊዜው ማለት ነው፣ እማማ። ለአሁኑ።» ይህን ስተረጉምላቸው ቀና ብለው አዩት።

«እስከ መቼ?»

ወጣቱ ወረቀቱን አገላበጠ። አልተጻፈም። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ራሱን አከከና «እጠይቃለሁ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

እኔ ደብተሬን ከኋላዬ ደብቄ ቆሜያለሁ። እማማ የተቀባውን ጣታቸውን አዩት፤ የሚያርፍበት አጥቷል።

«ደብተር አምጣ።»

«የዛሬውን አላነበብኩም።»

«አንብበሃል» አሉና ምንም ያልተጻፈበት ገጽ መሃል ላይ፣ ሳያገላብጡ፣ አሳረፉት።

በማግስቱ ቲቸር ባዶውን ገጽ ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ። ልክ እንደ አባቴ ፊርማ ነበርና የሚሰረዝብኝ መስሎኝ እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩልኝ። «ቃሏን አሁን ታውቂያታለሽ?» አዎ አልኩ። «ጻፊያት።» አሻራው ሥር ጻፍኳት። ቀይ ቢካቸው ከኪሳቸው አልወጣም፤ እኔም ማንጎው ሥር ቆምኩ፣ ድምፄ እስኪሰነጠቅ አነበብኩ።

ትምህርት ከተዘጋ ሳምንት በኋላ ወጣቱ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። እማማ ዘንድ ሳይገባ በእኛ አጥር በኩል «ልጅቷ አለች?» ብሎ ጠራ። ያቺ ቃል ከወረቀቱ ወጥታለች። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ ነገርኳቸው፣ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ከዚያ ጣታቸውን አሳረፉ። ወጣቱ ሲሄድ ጋያቸውን ወደ አፋቸው እየወሰዱ ደብተሬ የት እንዳለ ጠየቁኝ።

«እማማ፣ ትምህርት እኮ ተዘጋ» አልኳቸው።

«የተዘጋው ለአንተ ነው» አሉኝ። «ለእኔ አንብብ።»