ከአሥር አንድ

መካነ ኢየሱስ ስንማር የሥዕል መምህራችን ሊዛወሩ ሲሉ፣ አንድ የዋንዛ ጣውላ ላይ አውድማ ላይ የሚያበራዩ በሬዎችን ቀረጹ። ቀለም ቀብተው፣ ወረቀት ደፍተውበት፣ በማንኪያ ጀርባ እየፈተጉ ለአሥራችን የሥዕል ክበብ ልጆች አንድ አንድ አትመው ሰጡን። የሁላችንም ሥዕል ያው ነው። ከግርጌው ግን በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለ። የእኔ 1/10 ይላል።

ከአሥር አንድ! ዓመቱን ሙሉ እርሳስ ከእጄ ያልወረደ እኔ! በሬና ፍየል ለይቶ መሳል የማይችለው ጎረቤቴ 10/10 ደረሰው። ያን ቀን «ሰቃዩ» ተባለ፤ ዛሬ ፋርማሲ ከፍቶም ስሙ እሱው ነው። እኔ በንዴት ጦፌ ቤት ገባሁና የወረቀቱን ግርጌ በምላጭ ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ሥዕሉን መጣል ግን አልቻልኩም፤ በሬዎቹ ያምሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥዕል የሚባል አልሳልኩም። ልብስ ሰፊ ሆንኩ።

አምና ሰቃዩ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ የታተመ ሥዕል የምናጠራቅም ሰዎች ማኅበር እንመሥርት አለኝ። እኔም የድሮ የቅዱሳን ሥዕልና ካላንደር መሰብሰብ እወዳለሁ፤ እሺ አልኩ።

«የማን ማኅበር ነው? የሚካኤል ነው የገብርኤል?» አለች ባለቤቴ።

«የወረቀት!» አልኳት። ሳቋን ለቀቀችው። ተራዬ ሲደርስ ግን ጠላውን ጠምቃ ጠበቀችን። በየወሩ ተረኛው ቤት ያለንን ዘርግተን እናያለን፤ የወደድነውን እስከሚቀጥለው ወር ተዋውሰን እንለያያለን።

ባለፈው ወር ተራው የሰቃዩ ነበር። የድሮ የሥዕል ክበብ ልጆች የነበርን ሁላችንም የመምህራችንን ሥዕል እንድናመጣ አዘዘ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜህ ማርክ ትፈራለህ?» ብላ ገፍታ አስወጣችኝ። ከአሥሩ ስምንቱ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ።

የትምህርት ቤታችን አዲሷ የሥዕል መምህርት በእንግድነት ተጠርታ ነበር። ሰቃዩ ደረቱን ነፍቶ «የእኔ ከአሥር አሥር ነው» ሲላት ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማርክ አይደለም። ስንተኛ እንደታተመ ነው። የእርስዎ የመጨረሻው ነው፤ ቀለም እያለቀባቸው ስለሄደ ደብዝዟል፣ ይመልከቱት።»

«አይ ሰቃዩ! ጭራ ነህ ለካ!» ብለን አውካካን። እሱም አብሮን ሳቀ።

ከዚያ መምህርቷ ጎንበስ ብላ የእኔን አየች። «ይቺ ጥርት ያለች ናት፤ የበሬው ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል። የመጀመሪያዋ ይቺ መሆን አለባት። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋን ሠዓሊው ለሚሳሳለት ሰው ነው የሚሰጣት። ቁጥሯ የት ሄደ?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አይጥ በልቶት ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልሆነልኝም። እንባዬ ቀደመኝ።

«በምላጭ ቆርጬ ያቃጠልኩት እኔው ነኝ» አልኩ።

ሰቃዩ ከኪሱ እርሳስ አወጣና አቀበለኝ። «በል፣ መልሰህ ጻፍበት» አለኝ። እርሳሱን ተቀበልኩት፤ ወረቀቱ ላይ ግን መጻፊያ ቦታ አላስተረፍኩም ነበር።