በክር የተሰካው እንጉዳይ

እንጉዳይ ሁሉ የጅብ ጥላ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይበሉ። እኔ ከከተማችን ዳር ባለው በቤት ጊዮርጊስ ጫካ፣ ከረገፈ ቅጠል ሥር የምትወጣውን ያችን ትንሽ ቡናማ እንጉዳይ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ። ባርኔጣዋ ከካፖርት ቁልፍ አይበልጥም። እግሯ ቀጭን ነው፤ ቢያጥፉት ግን አይሰበርም። ከተሰበረ እሷ አይደለችምና ይጣላል። ይህን ያሳየኝ ጣሊያኖች ቤት ወጥ ሠሪ የነበረው አባቴ ነው።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትምህርቱ ወደ አማርኛ በዞረበት ዘመን መምህርት ነበርኩ፤ አዲስ ሙሽራም ነበርኩ። አማቴ ፍልሰታን አብረውን ሊጾሙ ከገጠር ገዛ ባንዳ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡ። በሐምሌ የለቀምኩትን እንጉዳይ በክር ሰክቼ ወጥ ቤት ሰቅዬ ነበር፤ ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ተጨማዷል። እሳቸው አዩትና ቋንጣ ነው ብለው ደመደሙ። ለእኔ ትንፍሽ ሳይሉ፣ የተማረችው ምራታቸው በእመቤታችን ጾም ሥጋ እንደምትበላ ለግቢው ሴቶች ሁሉ ነገሩ። ከገበያ ስመለስ ሰላምታዬን የመለሰልኝ አልነበረም። አማቴም ጓዛቸውን ጠቅልለው በር ላይ ቆመዋል፤ በጾም ሥጋ ከተሰቀለበት ቤት እህል አልቀምስም አሉ።

ተናደድኩ። ማልቀስ ግን የእኔ ነገር አይደለም። ሻሂ እስኪፈላ ብቻ እንዲቀመጡ ለመንኳቸውና ከክሩ እፍኝ ያህል አውልቄ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምሬ ውሃ አፈሰስኩበት። እንጉዳይዋ ውሃውን ጠጣች። የተጨማደደው ባርኔጣዋ ቀስ እያለ ተዘረጋ፣ ከሥሩ ያሉት ስስ እጥፋቶች ተለያዩ፣ ዛሬ የተለቀመች መሰለች። ጠባይዋ ነው፤ ሞተች ሲሏት ውሃ ከነካት ትነሣለች።

አማቴ በጣታቸው ነካ አደረጓትና «ተንሲኡ» አሉ በቀስታ። በቋንቋችን ተነሣ ማለታቸው ነው። ቋንጣ እንዲህ እንደማይነሣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«አደይ፣ ለጎረቤት የነገሩትን እርስዎ ራስዎ ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው፤ አደይ እናቴ ማለት ነው።

ጓዛቸውን አስቀመጡ። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ከደጅ ደጅ ዞሩ፤ እኔም አላዘንኩላቸውም። ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ስንመለስ እንጉዳዩን በዘይትና በሽንኩርት ሠርቼ አቀረብኩ። በሉት፤ ሳህኑንም በእንጀራ ጠረጉት። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ልጃቸው ጠሩኝ።

«ጓለይ፣ ከየት እንደለቀምሽው ለእነዚያ ሴቶች እንዳትነግሪ።»