ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ቦርሳ

ጾም መግደፌን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ሰው ማማቴንም፣ እናቴ ላይ መጮኼንም ተናግሬያለሁ። ይህን ግን ለእሳቸውም፣ ለባሌም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል። በአሪየት ቀናሁ። ቀንቼም አልበቃኝ፣ መንገዷን ዘጋሁባት።

አሪየት አኝዋክ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር ተወልዳ ያደገች። እኔ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው አቦቦ አካባቢ ከሰፈሩት ገበሬዎች ልጆች አንዷ ነኝ። የተዋወቅነው ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ሹሙም አዲስ። እኔ በአንዱ ቢሮ ታይፒስት ሆንኩ፤ እሷ ፑኝዶ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ አስተርጓሚ ሆነች። ከተማ ስትመጣ የምታድረው እኔ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። የእኔ አኝዋክኛ እሷን ያስቃታል፣ የእሷ አማርኛ እኔን ያስቀኛል፤ እየተሳሳቅን እህትማማች ሆንን።

ካምፑ ውስጥ ትሠራ የነበረች አንዲት ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ በጀርባ የሚታዘል ትልቅ ቦርሳዋን ለአሪየት ሰጠቻት። ያንን አዝላ ብቻዋን ስንት አገር እንደዞረችም አውርታላት ነበር። ከዚያ ወዲያ አሪየት ሌላ ወሬ አልነበራትም። በሞያሌ ወጥታ ናይሮቢ መግባት፣ ሞምባሳ ወርዳ ባሕር ማየት፣ ከዚያ ታንዛኒያን አቋርጣ እስከ ዛምቢያው ትልቅ ፏፏቴ ድረስ መሄድ። በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ ካልሆነም በእግር። «ማንጎ ሲደርስ እኔ መጥቻለሁ» ትለኝ ነበር። ወንድሟ እንዳያይባት ቦርሳው የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። ፓስፖርቷን ከያዘች በኋላ ራሷ ልትነግረው አስባለች።

እኔም አገዝኳት። ካርታውን ከትምህርት ቤት አትላስ ላይ በቢሮ ካርቦን የገለበጥኩላት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርሳውን የባሮ አሸዋ እንሞላውና ድልድዩ ላይ እየተመላለሰች ትለማመዳለች። አንድ ቀን ማንገቻው ትከሻዋን ቢልጣት አውልቃ ራሷ ላይ ጫነችው፤ እጇን ለቃ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሄደች። «ፈረንጆቹ ይሄን አያውቁም!» አለች። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ከልቤ አልነበረም። አምሮባት ነበራ!

ያን ቀን ማታ «እኔስ?» አልኳት፣ እንደ ቀልድ አድርጌ።

«አንቺ ሌላ ጊዜ፣ ዘውዴ» አለችኝ። «ይሄ ብቻዬን ነው። ብቻዬን ስሆን ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እሱን ማየት ነው የምፈልገው።»

በክፋት አልነበረም፤ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አንገበገበኝ? ከእሷ ይልቅ ብዙ መንገድ የሄድኩት እኔ አልነበርኩም? ከወሎ እስከዚህ ድረስ በከባድ መኪና፣ በእናቴ እግሮች መካከል ተቀምጬ መጥቻለሁ። ወዴት እንደምንሄድ ማንም አልነገረንም፤ እሺ ትላላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀንም የለም። እሷ ግን ጣቷን ካርታ ላይ አድርጋ «በዚህ ነው የምሄደው» ትላለች። እኔ በገለበጥኩት ካርታ ላይ! አባቴ ለእኔ ጅማ ድረስ እንኳ አይፈቅድም። መሄዷ ብቻ አይደለም ያናደደኝ፤ ሄዳ የምትመለሰዋን አሪየት ፈራኋት። ባሕር አይታ መጥታ፣ እዚያው ታይፕ ስመታ ልታገኘኝ ነው።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ አላመለጠኝም። አስቤበት፣ ዘንቢል ይዤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ነው የሄድኩት።

ወንድሟ ኡጁሉ ባሮ ዳር ዓሣ ይሸጣል። ኢታንግ የታጨችለት ልጅ ነበረችው። በእነሱ ወግ ለሚስት የሚሰጠው ድሙይ የሚሉት የጥንት ሰማያዊ ዶቃ ነው፤ ወንድም ደግሞ ዶቃውን የሚያገኘው እህቱ ስታገባ ነው። ለእሷ የመጣው ዶቃ ለእሱ ሚስት ይሄዳል። አሪየት ካላገባች ኡጁሉ አያገባም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ የነገረችኝ ራሷ አሪየት ናት። ስትመለስ ስለ ትዳሩ እንደምታስብበትም ነግራኛለች።

ዓሣ እየመረጥኩ «አሪየት ልትሄድ ነው አሉ፣ ውጭ አገር» አልኩት። እስከዚህ እውነት ነው። ቀጥዬ «አትመለስም» አልኩ። ይህኛው የእኔ ነው። ከሆዴ ያወጣሁት፣ እኔው የፈጠርኩት።

ኡጁሉ ቢላዋውን አስቀመጠ። «እሷ ሄደ ማለት እኔ ሚስት የለም ማለት ነው» አለ። ቀጥሎም «ዘውዴ፣ አንቺ እህት ነሽ። እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብሎ ከሁሉ የሚበልጠውን ዓሣ ዘንቢሌ ውስጥ ጨመረልኝ፤ ሒሳብም አልቀበልም አለ። ወሰድኩት። ጠብሼ በላሁት። ጣፍጦኝም ነበር።

አጎቶቿ በዚያው ሳምንት ተሰበሰቡ። ዶቃ ያለው ሰው ኢታንግ ተገኘ። ክረምቱ ሳይገባ አሪየት ተዳረች። ከሠርጉ በፊት እኔ ዘንድ መጥታ አለቀሰች። «ማነው የነገረው?» አለችኝ። «ወሬ እኮ እግር አለው» አልኳት፣ ጀርባዋን እያሻሸሁ። ቦርሳውን ልትወስድ የመጣች መስሎኝ አወረድኩላት። መልሳ እኔ እቅፍ ውስጥ አደረገችው። «አንቺ ሂጂበት። ባሕሩን አይተሽ ንገሪኝ» አለች።

አልሄድኩም። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ልጆች ወለደች፣ ይኸው ደልቷታል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ለገበያ ስትመጣ ግን ዛሬም «መቼ ነው የምትሄጂው?» ትለኛለች፤ እኔም ሥራ በዛ እላታለሁ። ዓይኗን እያየሁ።

ባለፈው ሰሞን ትልቋ ልጇ መጣች። ቁመናዋ ቁርጥ እናቷ። «እትዬ ዘውዴ፣ ሞምባሳ ድረስ ብቻዬን ልሄድ ነው። እናቴ ቦርሳው አንቺ ጋ አለ ብላኛለች» አለችኝ። ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስታ እንዳይመስላችሁ። ያው የድሮው ቅናት፣ አንድም ሳይጎድል። «ውይ የኔ ልጅ፣ ምስጥ በልቶታል» አልኳት። ቦርሳው ግን ደህና ሆኖ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ይህን ስጽፍም እያየሁት ነው።

ነገ ኢታንግ እወርዳለሁ። ቦርሳውን ለልጅቷ እሰጣለሁ፤ ለአሪየት ደግሞ የዓሣውን ነገር እነግራታለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ በሯን ብትዘጋብኝም እውነት አላት። ወንድሟ ነው፣ ወጉ ነው፣ ዘመኑ ነው አልልም። ኡጁሉ ሚስት ፈለገ። አጎቶቿ ወጋቸውን ፈለጉ። ሰውየውም እሷን ፈለገ። ምንም ሳልፈልግ፣ እሷ ብቻ እንዳትሄድ ብዬ የተነሣሁት እኔ ነኝ።