የጦጣዋ ደምና የእኔ

አዋሽ ላይ የከባድ መኪናዬን ጭነት ሊዘርፉ የሚንጠላጠሉትን ጦጣዎች ስንቴ በድንጋይ አባርሬአለሁ! ከኤች አይ ቪ ጋር የሚዛመድ ቫይረስ በደማቸው ይዘው ሳይታመሙ እንደሚኖሩ ያነበብኩ ቀን ግን ተመልሼ ልስማቸው ጥቂት ነው የቀረኝ።

ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ከክሊኒክ የወሰድኩትን ስለ ቫይረሱ የሚያስረዳ ወረቀት ገዋኔ ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ግማሹን አነበብኩ። በቃኝ! ኤች አይ ቪ እኔም አለብኝ፤ ኪኒን በየምግብ ቤቱ ሽንት ቤት ተደብቆ መዋጥ አንገፍግፎኛል። ጦጣ ያለ ኪኒን ከኖረች እኔ ምን ጎደለኝ? ሰመራ ክሊኒክ ገብቼ የኪኒኑን ብልቃጥ ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረግኩት።

«ከዛሬ ጀምሮ እንደ ጦጣ ነኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ከታች ያለውን አንብበውታል?»

«የላዩ ይበቃል።»

«በሉ ያንብቡት፤ እሰማለሁ።»

እየተንተባተብኩ አነበብኩ። ቫይረሱ ሲገባ የጦጣዋም የሰውነት ወታደሮች፣ ነጭ የደም ሴሎቿ ማለት ነው፣ ይነሳሉ፤ ግን በጥቂት ሳምንት ይረጋጋሉ። የእኛዎቹ መረጋጋት አያውቁም። ዓመት ከዓመት እንደተቆጡ ነው፤ ቫይረሱ ያልነካቸው ሳይቀሩ በዚያው ቁጣ ያልቃሉ።

ወረቀቱን ጣልኩና ጮህኩ፦ «ገላፊ ድንበር ወረፋ ላይ ቆሞ ነዳጅ የሚረገጥበት ሞተር! ሳይሄድ ይነድዳል!»

«እሱ ነው! ኪኒኑ ቫይረሱን ሲይዘው እግርዎ ከነዳጁ ላይ ይነሳል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።»

«እኔስ እንደ ጦጣዋ መረጋጋት ብለምድ?»

«የእሷ ዘር ብዙ ሺህ ዓመት ፈጅቶበታል። እርስዎ ጊዜ አለዎት?»

አላህ ይይላት፣ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ብልቃጡን ኪሴ ከተትኩ።

ለምሳ ወደ ሎጊያ ተመለስኩ። ለሦስት ሾፌሮች ስለ ሞተሩ ሳወራ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ሳላስበው ኪኒኔን አውጥቼ በውሃ ዋጥኩ። ሦስቱም ዓይናቸውን ብልቃጡ ላይ ጣሉ።

«ያንተ ነው?» አለ አንዱ።

«የማን ይሁን? የጦጣዋ?»

ሁለቱ ሳቁ። በዕድሜ የሚበልጠን ሦስተኛው አልሳቀም። እጄን ስታጠብ ከኋላዬ መጥቶ «እኔ ኪኒኑን ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አሁን ብመለስ ይቀበሉኛል?»

ሰደብኩት። ስድቤን ሳልጨርስ ክንዱን ይዤ መኪናዬ ላይ አወጣሁት፤ ሰመራ እስክንገባ ድረስ ስለ ሞተሩ እንደ አዲስ እየነገርኩት ነዳሁ።