ረህማ፣ የቦዩ ድልድይ ጀልባ ጠባቂ

ረህማ ጠዋት ብቻ አራት ጊዜ ወጥታ የጀልባዎቹን ገመዶች ነካክታለች። ልጇን ታጠባለች፣ ትነሳለች፤ ድስቱን ትጥዳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። መቀመጫ ያጣች ትመስላለች።

ከዲላ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ፣ የመንግሥት እርሻው ቦይ ሐይቁ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አንድ የእንጨት ድልድይ አለ። በቆሎና ዓሣ የሚያመላልሱት ሁለት የማኅበር ጀልባዎች የሐይቁን ነፋስ ሸሽተው እዚያ ሥር ይታሰራሉ። ጠባቂያቸው ባሏ ኸድሩ ነበር። በ1970 ለዘመቻ ሲጠራ፣ ረህማ ልጇን አዝላ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄደች።

«እስኪመለስ ሥራውን ልያዝ። ቤቱም የሥራው ቤት ነው፤ ከዚያ ብወጣ የት እገባለሁ?»

ጓድ ገብረኪዳን አገጫቸውን አሹ። «ሴት ጀልባ ስታስር አላየሁም» አሉ። ቢሆንም የአንድ ወር ሙከራ ሰጧት። ወሩ ዛሬ አለቀ፤ ከሰዓት በኋላ መጥተው አይተው ይወስናሉ።

ማሰርስ ለእሷ አዲስ አልነበረም። አባቷ ዲላና ሞያሌ መካከል ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ እሷም ያደገችው የቡና ጆንያ ላይ ወጥታ ሸራ ስትወጥር ነው። ገመድ በጣት ሲመታ እንደ ክራር ድም ካላለ ልቧ አይረጋም። ቀዛፊዎቹ ጀልባቸውን ሲያስሩ ገመዱን ዝም ብለው ያላሉታል፤ ይሄ ለእሷ ዝርክርክነት ነው። እናም ዛሬ፣ ሊቀመንበሩ እንዳይስቁባት፣ ሁለቱንም ፈትታ ገመዳቸውን አሳጥራ፣ አፍንጫቸውን ከድልድዩ ግንድ ሥር ሳብ አድርጋ እንደ ወታደር አሰለፈቻቸው።

ቆላው ላይ ፀሐይ ነበር። ከወናጎ በላይ ያሉት ተራሮች ግን በዝናብ ደመና ጠቁረዋል። ብዙም ሳይቆይ ቦዩ ደፈረሰ፤ የተበጣጠሰ የእንሰት ቅጠል እየገፋ ውሃው ከፍ እያለ መጣ። ጀልባዎቹ ሊነሱ ሲሉ አጭሩ ገመድ አፍንጫቸውን ወደ ታች ያዘው። አንደኛዋ ውሃ ትጠጣ ጀመር።

ዓሣ ሲያጸዳ የነበረው ቀዛፊው ይርጋ ብድግ አለ።

«አንቺ የሾፌር ልጅ! ጀልባ ነው ወይስ ጆንያ ያሰርሽው?»

«አይፈታም ጋሽ ይርጋ! ርሶ ጠበቀ!»

«ገመዱን ቁረጪው!»

«ብቆርጠው ጀልባዋን ሐይቁ ይወስዳታል!»

ይርጋ ረዥም ገመድ ወረወረላት። ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታ አንዱን ጫፍ ከጀልባዋ፣ አንዱን ከግንዱ አሰረች። እጇ ግን ልማዱ ነውና አሁንም መወጠር ጀመረ።

«ተይው! ይላላ! ውሃው ይጫወትበት እንጂ!»

ለቀቀችው። ወገቧ ላይ በሻጠችው የቆጮ ቢላዋ አጭሩን ገመድ ስትቆርጠው ጀልባዋ እየተንገዳገደች ወደ ላይ ዘለለች። ሁለተኛዋንም እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ረህማ ድስቷን ከቤት አምጥታ ውሃ የጠጣችው ጀልባ ውስጥ ገብታ ውሃውን መድፋት ጀመረች።

ጓድ ገብረኪዳን የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ግንዱ ላይ የተንጠለጠለውን ቁራጭ አነሱ።

«ይሄን የማኅበር ገመድ ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ። አሳጥሬ ያሰርኩትም እኔ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር። እርስዎ ሲመጡ እንዲያምር ብዬ።»

ይርጋ ሳቁ አመለጠው። «ለእርስዎ ስትል ልታሰጥማቸው ነበር! ግን ይዩ፣ ሁለቱም አሉ። አምና በእንዲህ ያለ ጎርፍ አንዷን ከሐይቅ ነው ለቅመን ያመጣናት።»

ሊቀመንበሩ ጀልባዎቹን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ የረጠበ ቀሚሷን አዩ።

«እንግዲህ የሚቀጥለው ሳምንት ስምሽ መዝገብ ይገባል።»

«ዛሬ ይጻፉልኝ።»

«ኸድሩ ሲመለስስ?»

«እሱ ሲመለስ ለሁለታችንም የሚበቃ ሥራ አለ። አሁን የኔን ስም ይጻፉ።»

እሳቸው በኪሳቸው እስክሪብቶ እስኪፈልጉ መቆም አልቻለችም። አንድ እጇ ገመዱን ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ እያደረገ፣ በሌላው ውሃውን ትደፋ ነበር።