ከነጠላዬ የጨመቅሁት በረዶ

መተማ ላይ ሙቀቱ ሲጠና እናቴ ትሳደብ ነበር። የምትሰድበው ሰው አይደለም፤ ውሃውን ነው። ከእንስራው በቅል ትቀዳና አንዴ ትጎነጫለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ «ይሄም ውሃ ተባለ» ትልና የቀረውን ደጅ ትደፋዋለች። ተወልዳ ያደገችው ሰሜን ተራራ ላይ ነው። ገና በልጅነቷ አባቴን አግብታ ቆላ ወረደች፣ ከዚያ ወዲያ ተመልሳ አልወጣችም። አባቴ ማሽላና ሰሊጥ ሊያርስ የወረደ ሰው ነበር፤ መሬቱን ወደደው። እሷ መሬቱን አልወደደችውም፤ እሱን ግን ወደደችው፤ ስለዚህ ቀረች።

«የእኛ አገር ውሃ ጥርስ ያንቀጠቅጣል» ትለኝ ነበር። «ጠዋት ተነስተሽ እንስራውን ስታይው ውሃው አፉ ላይ ድንጋይ ሁኗል። ሰብረሽ ነው የምትቀጂው።»

እኔ ቆላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ውሃ ድንጋይ ይሆናል ብትለኝ እንዴት ልመን? «ኧረ ተይ እማየ፣ ውሸትም ልክ አለው» እላት ነበር። ምላሴ ያኔም አያርፍም፣ ዛሬም አላረፈም።

ጣሊያን ሲገባ አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። መተማ ላይ ወታደር ሰፈረ፤ ከሰዉም ግማሹ ደረቁን የድንበር ወንዝ ተሻግሮ እንግሊዝ የሚገዛው ገላባት፣ ከዚያም ገዳሪፍ ገባ። እኔም እንሂድ አልኋት። «ያባትሽን መቃብር ለማን ጥዬ?» አለች። እኔም ቱግ አልሁና፣ «መቃብር አይሰረቅም፣ ማን ይወስድብሻል» አልሁ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጣ። ዛሬ ላይ ሁኜ እንኳ ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል።

በእኛ ዘንድ ሰው መንገድ ሲወጣ እናቱ ወይም አንድ ትልቅ ሰው ውሃ ጎንጨት ይልና ፊቱ ላይ እንትፍ ይልበታል፤ «እንደወጣህ ግባ፣ እንቅፋት አይምታህ» ብሎ ይመርቀዋል። ሳይመረቅ የሚወጣ የለም። ስንቅ ቢረሳ መንገድ ላይ ይለምናል፣ ምርቃት ግን ከማን ይለመናል? እናቴ የዚያን ቀን ቅሉን አላነሳችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጥጧን ትፈትላለች። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። እንዝርቷ አንዴም አላቆመም።

«ሂጂ ካልሽ ሂጂ» አለች። «እኔ አልመርቅሽም።»

እሷ የፈተለችውን ነጠላ ተከናንቤ ወጣሁ። ወንዙን እስክሻገር ድረስ ትጠራኛለች ብዬ ጆሮዬ ኋላ ነበር።

ገዳሪፍ ላይ አንድ የእንግሊዝ ሹም ቤት ሞግዚት ሁኜ ተቀጠርሁ። ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ነበረቻቸው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከጀርባዬ አልወርድ አለች። መተማ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ እስላም ነጋዴ ግመሎቻቸውን እየነዱ ሲመላለሱ የእናቴን ወሬ ያመጡልኝ ነበር። «ደህና ናት» ይሉኛል። «ምን ብላ ላከች?» እላለሁ። «ምንም አላለች፣ ልጀ።» ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር።

አንድ ቀን ግን፣ «ንዳድ ጥሏት ከርሞ ነበር፤ አሁን ተሽሏታል» አሉኝ። «ሲያተኩሳት ያገሯን ውሃ እየጠራች ስትቃዥ ነው የሰነበተች።»

«እኔንስ ጠርታኛለች?» አልሁ።

ደግ ሰው ናቸው፤ መዋሸት ግን አያውቁበትም። ጎንበስ ብለው የግመላቸውን እግር ማየት ጀመሩ። «ውሃውን ነው የምትጠራ» አሉ።

ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ ብዬ አሰብሁ። አሰብሁና ፈራሁ። ያን ቃል ተናግሬ፣ ባዶ እጄን ገብቼ፣ ምን ልላት ነው? በዚያው ሰሞን እመቤቲቱ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። ትልቅ መርከብ ባሕር ላይ ቆሟል፣ ከኋላው ነጭ ተራራ አለ። ለእረፍታቸው እዚያ ሊሄዱ ነው፤ ልጅቷ ያለ እኔ ስለማይሆንላት እኔም እንድሄድ ጠየቀችኝ። ነጩን በጣቴ ነክቼ ምንድነው አልኋት። ውሃ ነው፣ ከብርዱ ብዛት ድንጋይ የሆነ ውሃ፣ አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ሌላው ሰው አገር ሊያይ ይሄዳል፤ እኔ ውሃ ልቀዳ ሄድሁ።

በባቡር ወደ ባሕሩ ወረድን፣ በመርከብ እንግሊዝ አገር ደረስን፣ ከዚያ በሌላ መርከብ ወደ ሰሜን ወጣን። ይሄኛው መርከብ ጭነት የለው፣ ንግድ የለው፤ ሰው ተቀምጦ ተራራ የሚያይበት ነው። አሮጊቶቹ ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ተሸፋፍነው ወንበር ላይ ይጋደማሉ። ተራራ ባለፈ ቁጥር «አ» ይላሉ፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ የእመቤቲቱን አሮጌ ካፖርት ለብሼ፣ ከላዩ ነጠላዬን ደርቤ፣ ልጅቷን አዝዬ ስንጎራደድ ተራራውን ትተው እኛን ያያሉ። ይዩ፤ ማየት አይከለከል።

ወደቦቹን ወድጃቸዋለሁ። ቤቶቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ ቀይና ቢጫ የተቀቡ ናቸው። የአንዳንዱ ቤት ጣራ ላይ ሣር በቅሎበታል፤ እንደኛ የታጨደ ሣር አይደለም፣ እዚያው ሥር ሰዶ የሚያድግ ነው። አንዱ ጣራ ላይ ፍየል ወጥታ ስትግጥ አይቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ዓሣውን እንደ ቋንጣ እየዘለዘሉ እንጨት ላይ ያሰጡታል፣ ሽታው መርከቡ ድረስ ይመጣል። ፀሐይዋ ደግሞ አትጠልቅም። ወርዳ ወርዳ ባሕሩን ልትነካ ስትል ተመልሳ ትወጣለች። ልጅቷ «ገና ቀን ነው» እያለች አልተኛም አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ምን ብዬ ልዋሻት?

አንድ ጠዋት መርከቡ በሁለት ተራራ መሀል ገብቶ ቆመ። ከላይ እስከ ባሕሩ ድረስ ነጭ ነገር ተጋድሟል። ወንዝ ነው፤ ግን አይፈስም። ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ይታያል፤ አልፎ አልፎ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ያሰማና ከጫፉ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። በትንንሽ ጀልባ ወደ ሥሩ ወሰዱን። በጀልባዋ ዙሪያ ስብርባሪው ይንሳፈፋል። እጄን ሰደድሁና አንዱን አወጣሁት።

ጣቶቼ ደነዘዙ። ጫፉን ነከስሁት፣ ጥርሴ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ፣ ያን ሁሉ ዓመት «ውሸትም ልክ አለው» ያልኋት እናቴ አንድም ቀን እንዳልዋሸችኝ አወቅሁ። አለቀስሁ። ልጅቷ ብርዱ ያስለቀሰኝ መስሏት ጓንቷን አውልቃ ሰጠችኝ።

በረዶው መጠኑም መልኩም ቁርጥ አሞሌ ጨው ነው። አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ። ቆላ ያደገች ሴት ስለ ጨው የምታውቀው አንድ ነገር አለ። ክረምት ሲገባ አሞሌውን ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ሙቀትና ጭስ ካገኘ ዓመት ይቀመጣል። እኔ ከዝናብ ጋር ከሚወርደው በረዶ በቀር ሌላ በረዶ አላውቅም፤ እሱም እርጥብ መሬት ላይ ወድቆ ሲሟሟ ነው ያየሁት። ስለዚህ እርጥበቱ ነው የሚበላው አልሁ። እኛ ሠራተኞቹ የምንተኛባት ክፍል በግድግዳዋ ላይ ከእሳቱ ቤት የሚመጣ የብረት ቧንቧ ያልፋል፤ እጅ አያስነካም። በረዶውን በነጠላዬ አራት እጥፍ ጠቅልዬ፣ አጥብቄ አስሬ፣ ቧንቧው ላይ ሰቀልሁት። ሥራዬ ደስ ብሎኝ ልጅቷን ላበላ ወጣሁ።

ስመለስ በረዶው የለም። ነጠላው ረጥቦ ተንጠልጥሏል፣ ወለሉ ውሃ ነው። የሰረቁኝ መስሎኝ መጮህ ጀመርሁ። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ከታች ከሰሉን የሚያነዱ አንድ የየመን ሽማግሌ ናቸው፤ ገዳሪፍ በለመድሁት ዓረብኛ አንዳንዴ እናወጋ ነበር።

«እንደ ጨው ጠቅልዬ የሰቀልሁትን በረዶ ማን ወሰደው?» አልኋቸው።

ቧንቧውን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሳቅ ሲያንቃቸው በሩን ተደገፉ። «ቧንቧ ላይ ሰቅለሽው?» አሉኝ። «ቢንቲ፣ ልጄ፣ ጨው አይደለም እኮ፣ ውሃ ነው።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። መርከቡ ሞተሩን አስነስቷል፤ በመስኮቱ ነጩ ወንዝ እየራቀ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ «ለእናቴ ነበር» አልኋቸው። «ሳትመርቀኝ ነው የወጣሁት።» ሽማግሌው ሳቃቸውን አቆሙ። ሄደው ባዶ ጠርሙስ ይዘው መጡ፣ አፉን ደግፈው ያዙልኝ። ነጠላውን ጠምዝዤ ጨመቅሁት። ጭምቁ ሁሉ ግማሽ ጠርሙስ አልሞላም። ቡሹን ገጥመው ሲሰጡኝ፣ «እናት ብዛቱን አታይም» አሉኝ።

ጠርሙሱን ያን ሁሉ ባሕር በብብቴ ይዤ ተመለስሁ። ገዳሪፍ እንደገባን ነጋዴው መጡ። የዚህን ጊዜ «ደህና ናት» አላሉኝም። «ድረሽ» አሉኝ። ከእመቤቲቱ ተሰናብቼ ከግመሎቻቸው በአንዱ ላይ ሁኜ ተከተልኋቸው።

ድንበሩ ላይ ለጣሊያን ያደረ አንድ ሐበሻ ወታደር አስቆመኝ። ጠርሙሱን አይቶ፣ «አረቄ ነው፣ ክፈችው» አለ። «ለታመመች እናቴ የያዝሁት ጸበል ነው» አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የመጣልኝ ይሄ ነው። ልጁ ደንገጥ አለ። ወዲያና ወዲህ አየና ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አዞረ፣ መዳፉን ዘረጋ። «እኔም እናቴን ካየሁ ቆይቻለሁ» አለኝ። ምን ላድርግ? ጠብ አደረግሁለት፤ ግንባሩን ቀባ፣ የቀረውን ላሰው። ጸበል አይደለም ብዬ ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስሻገር «ትማርልሽ» አለኝ።

ሰሊጥ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር፤ መንደሩ ሁሉ እርሻ ወርዷል። እናቴ አልጋዋ ላይ ብቻዋን ተኝታለች። ያቺ ሴት አልቃ አጥንት ሁናለች። እንዝርቷ ራስጌዋ ነው። አንገቷን መለስ አድርጋ አየችኝ፤ መጣሽም አላለች፣ ለምን መጣሽም አላለች። ተንበርክኬ ጠርሙሱን ሰጠኋት።

«ምንድነው?» አለች።

«ያገርሽ ውሃ ነው» አልሁ። ወዲያው ደግሞ መዋሸት ሰለቸኝ። «ያገርሽ አይደለም። የፈረንጅ አገር ነው። ድንጋይ የሆነውን ውሃ በዓይኔ አየሁት፣ እማየ። ድንጋዩን ነበር የያዝሁልሽ፣ ነጠላሽ ውስጥ ጠቅልዬ ሙቅ ብረት ላይ ሰቀልሁት፤ አለቀብኝ።»

«አሞሌ መስሎሽ?» አለች።

«አሞሌ መስሎኝ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያተኮሳት መስሎኝ ስደነግጥ ለካ እየሳቀች ነው። «አየ፣ ቂል ልጅ ነው የወለድሁ» አለች። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእሷ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ይሄ ነው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀና አድርጌ ደገፍኋት፣ ከጠርሙሱ ጎነጨች። ዓይኗን ጨፍና አፏ ውስጥ ያዘችው። የተራራዋን ጣዕም የምትፈልግ መሰለኝ። ብዙ ቆየች። ከዚያ በጣቷ ጠቀሰችኝ፤ የምትናገረኝ መስሎኝ ፊቴን አቀረብሁ። እንትፍ አለችብኝ። ያን ሁሉ ባሕር ያሻገርሁት ውሃ በግንባሬ በጉንጬ ወረደ።

«እንደወጣሽ ግቢ» አለች። «እንቅፋት አይምታሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ።»

«እማየ፣ ገብቻለሁ እኮ» አልሁ።

«ያን ጊዜ ያስቀረሁብሽን ነው» አለች።

ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ጉንጭ ቀርቷል። ያን ሁሉ ዘመን ስትጠራው የኖረችው ውሃ ነውና፣ ጠጪው እንጂ አልኋት። እንቢ አለች። በእጇ ገፋ አድርጋ፣ «ይቀመጥ» አለች። «ወደ ገዳሪፍ ስትመለሽ በምን እመርቅሻለሁ?»

«አልመለስም» አልሁ።

ፊቴን መረመረችው። ምላሴን ታውቀዋለች፤ እውነት ይሁን ውሸት ከዓይኔ ለማየት ፈልጋ ነው። አየችና እጇን ዘረጋች። ጠርሙሱን ሰጠኋት፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። በብብቴና በግመሉ ላይ ሲሞቅ የሰነበተ ውሃ ነው፤ ለብ ብሏል። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ይሄ ውሃ ነው» አለች።