ሙሽራዋ ያጠበቀችው ጎማ

የላስቲክና የግራሶ ሽታ ደስ የሚለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ እሱ። ትናንት ልጄ ጎማ ሊያስቀይር ጎሚስታ ጋ ሲያቆም፣ "እማዬ፣ አቧራ ነው፣ አትውረጂ" እያለኝ ወርጄ ቆሜ አሸተትኩ። ፀሐዩ የፈሰሰውን ዘይት አሙቆታል። እዚያው ቆሜ ሀያ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ሆንኩ።

ያደግኩት ሄርማታ የሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነው። አባቴ ጋራዥ ነበረው፤ ጋራዥ ይባል እንጂ አንድ የዋንዛ ዛፍና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ነው። ታላቅ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት መፍቻው እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ከመኪና ስር ስወጣ የማይስቅብኝ መንገደኛ አልነበረም። ይሳቁ! ሳልኩራራ ልንገርሽ ብል ውሸት ነው፤ የቱ ዳዶ፣ ቡሎን ማጥበቂያው ማለቴ ነው፣ በየትኛው መፍቻ እንደሚፈታ አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቼ እለይ ነበር።

የተዳርኩት ደዶ ለሚባለው አገር ሰው ነው። በሰርጉ ዋዜማ የሙሽራው ወገኖች እኔ የምሄድበትን አሮጌ ጂፕ፣ ፍሬኑን እንዲያይላቸው ብለው አባቴ ጋ አመጡት። እኔ እጄን ሂና ተቀብቼ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎልኝ፣ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጫለሁ። አባቴ በመስኮት ጠራኝ።

"ነይ እስኪ፣ ይኼን እይልኝ።"

ሴቶቹ ተንጫጩ። እኔ ጨርቁን ፈትቼ ወጣሁ።

ያኔ መለዋወጫ የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ከኋላ ከሌላ መኪና የተፈታ ሰፊ ጎማ ገጥመውበታል። ጎማው በውስጥ በኩል ከባሌስትራው ጋር ሲፋተግባቸው ጊዜ፣ ወደ ውጭ እንዲወጣ ከቸርኬው ኋላ ወፍራም የብረት ቀለበት አስገቡ። ስፔሰር ይሉታል። በደንብ ከተሠራ ነውር የለውም። እነሱ ግን ቡሎኑን አልቀየሩትም። ቀለበቱ ርዝመቱን ስለወሰደበት ዳዶው የቡሎኑ ጫፍ ላይ ብቻ ይዞ ተቀምጧል።

"ስንቴ ተመላልሰንበታል እኮ" አለ ሾፌሩ፣ የሙሽራው የአጎት ልጅ።

"ተመላለሱበት። ልጄን ግን በዚህ አልሰድም" አለ አባቴ።

"እንግዲያው ሰርጉ ይቅር?"

"ይቅር" አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። እኔ ደግሞ ሙሽራውን ወድጄው ነበራ!

አባቴ የአሮጌ ቡሎን ሳጥኑን መሬት ላይ ገለበጠው። ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን መረጥን። ጥርሱ ከዳዶው ጋር የሚስማማ፣ ቀለበቱን አልፎ ዳዶው ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ረጅም ቡሎን ፈለግን። ከዳዶዎቹ አንዳንዶቹ ፊታቸው ጠፍጣፋ ነበር፤ የቸርኬው ቀዳዳ ደግሞ ሾጠጥ ያለ ነው። እነዚያን ወረወርናቸው። ሾጣጣ ፊት ያላቸውን ብቻ ይዘን፣ አንዱን ካሰርን በኋላ ትይዩውን እያሰርን ጨረስን። ሂናዬ በግራሶ ተለወሰ፤ አክስቶቼ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም።

"ብረት ብረት ላይ ሲረጋ ዳዶው ይላላል" አለ አባቴ ለሾፌሩ። "ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ፣ ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ፣ አቁማችሁ እንደገና አጥብቁ።"

"እሺ፣ እሺ።"

እሺታው ለአባቴ አልጣመውም። በእኛ ወግ አባት ሙሽራ አያጅብም፤ ቀርቶ መጨነቅ ነው ዕጣው። በነጋታው ልሳፈር ስል ዱዓ አደረገልኝና መፍቻውን ከመቀመጫዬ ስር ሸጎጠው።

ሙሽራ ተሸፋፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቃል ሳትተነፍስ ነው የምትሄደው። መንገድ ላይ መውረድማ የማይታሰብ ነው። ዘፈኑ ደምቋል፣ በመስኮቱ የቡና አበባ ሽታ ከአቧራው ጋር ይገባል፣ ከኋላ ሚዜዎቹና የዘመድ ልጆች ተጠጋግተው ያጨበጭባሉ። ቁልቁለቱ ከፊታችን ታየኝ። ሾፌሩ ግን ማቆም የሚባል ነገር ትዝም ያለው አይመስልም።

"ጎማው ይጥበቅ" አልኳት አጠገቤ ላለችው ለሙሽራው አክስት፣ በሹክሹክታ።

"ማሎ፣ እባክሽ ዝም በይ! ሙሽራ አይደለሽም እንዴ?"

ከኋላ ያሉትን ልጆች ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

"ዻቢ!" ብዬ ጮኽኩ። አቁም! አማቶቼ በሙሉ ከአፌ የሰሙት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። በኦሮምኛ ያልኩት አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር ነው።

ሾፌሩ ደንግጦ ቆመ። መፍቻዬን ይዤ፣ ከነመሸፋፈኛዬ ወረድኩ። "ያ አላህ! ሙሽራ መንገድ ላይ ወረደች!" አለች አክስትየዋ። ሙሽራው ከፊት ወንበር ተከትሎኝ ወረደ። ሊቆጣኝ ነው ስል ጃንጥላውን ዘርግቶ ፀሐዩን ከለለልኝ፤ በሌላ እጁ የቀሚሴን ጫፍ ከአቧራ አነሳልኝ። ዛሬም ድረስ "የወደድኩሽ ያኔ ነው" ይለኛል፤ ጉረኛ! ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ዞሩ፤ አንደኛው ግን ያለ ጉልበት ነው የዞረው። ሾፌሩ አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። እስኪበቃቸው አጠበቅኳቸውና ተመልሼ ተሸፈንኩ። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ እየነዳ ደዶ አስገባን።

በማግስቱ አባቴ ወደ ደዶ በሚመጣ የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ከተፍ አለ። የረሳሁትን ጫማ ይዞ መጣ ተባለ። ማንንም ሰላም ሳይል በቀጥታ ጂፑ ጋ ሄዶ ቁጢጥ አለ፣ ከኮቱ ስር ሌላ መፍቻ አወጣና መሞከር ጀመረ። አማቶቼ ደጃፍ ላይ ቆመው ያዩታል። እኔም ከኋላቸው ሆኜ አያለሁ። ከዳዶዎቹ አንዱም ንቅንቅ አላለም።

"ሾፌሩ ነው ያጠበቀው?" አለኝ ሲነሳ።

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

በእኛ ዘንድ እጅ የሚስም ልጅ ነው። ልስመው ጎንበስ ስል ቀደመኝ። ሂናና ግራሶ የተቀላቀለበትን እጄን አንስቶ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ሳመው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ ቆይቷል። ያን ቀን ምሳ ቀርቦ "እጅሽን ታጠቢ" ሲሉኝ እምቢ አልኩ።